የዳለቻ ውሃ የት ሄደ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ማርች 2006

ውድ ወንድሜ፣

እንደ ወጉ ቢሆን እንደምን ከረምክ ብዬ፣ እኛ ደህና ነን ብዬ፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ነበር የምጀምረው። አባታችን ደብዳቤ ሲያስጽፈን ሰላምታው ግማሽ ገጽ ካልሞላ ተመልሰሽ ሙይ ይለኝ እንደነበር አትረሳውም። ዛሬ ግን ጤናህን አልጠይቅህም፤ ለምን እንደማልጠይቅህ ታውቃለህ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። እጄ በግሪስ ጠቁሯል፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ተነቅሏል፣ ወገቤን ይዞኛል፣ ከሁሉም በላይ ተናድጃለሁ። እማ ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። ፍየሎቹም ደህና ናቸው፤ የእነሱ ደህንነት ግን ራሱን የቻለ ወሬ ስላለው ኋላ እመለስበታለሁ።

የተናደድኩት በዳለቻ ነው። አባታችን ትቶልን ያለፈው፣ አንተ መልኳ አመድ ስለሆነ እንደ ላም ስም ያወጣህላት ያቺ ፒካፕ። የዛሬ አራት ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትነሳ አንዱን ቁልፍ ለእማ ሰጠህ፣ ሌላውን እማ ራሷ በገመደችው የቆዳ ክር አንገትህ ላይ አሰርክ፣ ከዚያ እስክመለስ ማንም እንዳይነዳት አልክ። ማንም ያልከው እኔን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ማን አለ? ቡሎን መፍታት አንድ ላይ ተማርን፣ ስፓናዎቹን በቁጥራቸው ቀድሜ የለየሁት እኔ ነኝ፣ አባታችንም ይህን ያውቅ ነበር። ትእዛዝህን በግማሽ ነው የጠበቅነው። በወር አንዴ ውሃ አመጣባት ነበር።

አሁን ልንሸጣት ነው። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ቀድሜ ነገርኩህ። የእማን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ቀኙ ከጨለመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግራው ሰው ሲቆምባት ጥላውን ብቻ ነው የሚያሳያት። የናይሮቢው ሐኪም ሞራው ይገፈፋል፣ ግን አትዘግዩ ብሎ ለማርች መጨረሻ ቀን ሰጥቶናል። ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን መቼ እንደሚገኝ አላውቅም፣ የግራው ዓይንም እንደማይጠብቀን ነግሮኛል። ለሕክምናው የሚሆነው ከሱቄ አይወጣም። በዚህ ድርቅ ከብቱ ያለቀበት ሰው ጨርቅ አይገዛም። ሌላ ያለን ነገር ዳለቻ ናት። ራሴ እየነዳሁ ናይሮቢ ላድርሳት እንዳልል ደግሞ የማርሳቢትን የድንጋይ መንገድ አትችለውም።

ባሺርን ታውቀዋለህ፣ የሄሉ ሰፈሩን የፍየል ነጋዴ። እገዛታለሁ አለኝ። ሰውየው ግን ሞኝ አይደለም። ቆላው ጎልቦ ደርሳ ፍየል ጭና ስትመለስ መንገድ ላይ ኮፈኗ ካልተከፈተ እወስዳታለሁ፣ ከተከፈተ ግን እናንተው ጋ ትቅር አለ። ቀላል ነገር መሰለኝ። እማም እዚያው ተቀምጣ ስትሰማ ምንም አላለችም። እኔ ዝምታዋን እሺታ አደረግኩት።

ከዚያ በፊት ራሴ ልሞክራት ብዬ ወደ ኦዳ ወጣሁ። ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ወጣ። ኮፈኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን ሊልጠው ነበር። እስክትቀዘቅዝ ጥላ ስር ተቀምጬ ጠበቅኩና ክዳኑን ብከፍት ውሃ የለም። ስንበረከክ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያው አጠገብ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። አባታችን በጣቱ እየተጫነ ያሳየን የነበረው ነው፤ ጎማው ስትጨምቂው ከተንኮሻኮሸ ሞቷል ይል ነበር። የሞተውን ጫፍ ቆረጥኩ፣ የቀረውን ስቤ አጠጋሁ፣ በአዲስ ማሰሪያ ጠፍሬ አሰርኩት። ውሃ ሞልቼ ሞተሩን አስነስቼ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬ አየኋት፤ ጠብ የሚል የለም። በራሴ ኮርቼ እራቴን በላሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል።

ክዳኑ ነው አልኩ። ላስቲኩ ደርቆ ተቆራርጧል፤ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው በእንፋሎት እያለ ይወጣል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሌላ ክዳን ፈልጌ ገጠምኩ። በማግስቱ ያው ነው።

ከዚያ መካኒኩን፣ ፉንዲ ኤሌማን ጠራሁ። አንተ ሳትሄድ ገበያው ጥግ የብስክሌት ጎማ ይለጥፍ የነበረው ኤሌማ ነው፤ አሁን የመኪና ፉንዲ ነኝ ብሎ ሞተር ይፈታል። እኔ የአባታችንን አማርኛ ይዤ ኮፈን ስለው እሱ ቦኔት ይለኛል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስለው ሄድ ጋስኬት ይለኛል፤ አንድ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለን የሁለት አገር ሰዎች ነን። ዳለቻን ሁለቴ ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፣ ከዚያ እንቁላል አምጪ አለኝ። ሁለት እንቁላልና አንድ እፍኝ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። ራዲያተሩ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይበስላል፣ በርበሬው ያብጣል፣ ቀዳዳውን ፈልጎ ይደፍነዋል አለ። አይሆንም አልኩት፤ ከማርሳቢት እስከ ኢሲዮሎ ያለ ሎሪ ሁሉ የሚሄደው በእንቁላል ነው አለኝ። ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት። እንቁላሉ ቀዳዳ ፈልጎ አላገኘም። ያገኘው የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ነው፣ እነሱን ደፈናቸውና ዳለቻ በቆመችበት ፈላች። የተቀቀለ እንቁላል ከራዲያተር ውስጥ አጥቤ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጎረቤታችን ሀቢቦ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ቁርስ ከሆነ እኔም ልምጣ አለችኝ።

ውሃውን ደግሞ አስበው። በየቀኑ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጀሪካኖቼን ይዤ ወረፋ እገባለሁ፣ ፀሐይዋ ስትከር ሁለት ጀሪካን በአህያ ጭኜ እመለሳለሁ። አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለዳለቻ። የእኛን ግቢ ታውቀዋለህ፤ ሩዝ የታጠበበት እግር ይታጠብበታል፣ እግር የታጠበበት ለፍየል ይሰጣል፣ መሬት ላይ ውሃ የደፋ ሰው እማ ፊት አይቀርብም። እዚህ ግቢ ውስጥ መኪናዋ በቀን አምስት ሊትር ትጠጣለች። ግመል እንኳ አንዴ ጠጥታ ሁለት ሳምንት ትታገሳለች አለች ሀቢቦ። ይልቅ የገረመኝ የፍየሎቻችሁ ነገር ነው፣ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ አጥንቱ ወጥቶ የእናንተ ብቻ ለምን ወዝ አላቸው ብላ እማን ጠየቀቻት። ዱአ ነው አለቻት እማ። እኔም አሚን አልኩ። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼ አሚን ማለቴ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ኤሌማ የውሃ ፓምፑ ነው አለ። ፈታነው። ጥፍሬ የተነቀለው ያን ቀን ነው። የፓምፑ ኩሽኔታ አይወዛወዝም፣ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደረቅ ናት፣ ምንም የለበትም። የወተት ካርቶን ቆርጠን ጓርኒሲዮን አድርገን መልሰን ገጠምነው። እንግዲያው የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ነው ተባለ። የዘይቱን መለኪያ አወጣሁ፤ ውሃ ዘይት ውስጥ ቢገባ ወተት ይመስል ነበር፣ ዘይቱ ግን ዘይት ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ አረፋ የለም። ጭሱ ነጭ አይደለም። ጋቢናው ውስጥ እንደሆነ ብዬ የእግር ምንጣፎቹን አንስቼ በእጄ ዳበስኩ፣ ማሞቂያው ቢያፈስ እዚያ ነበር የሚረጥበው። ያገኘሁት አቧራና አንተ የደበቅከው የሲጋራ ፓኮ ነው። እሱንም ለእማ አልነገርኩም። ምን ያህል ነገር እንደማልነግርልህ አስበህ ታውቃለህ?

ባሺር ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማርሳቢት ሌላ መኪና ታይቶልኛል አለኝ። የሐኪሙ ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። እማ በዚያው ሰሞን ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ትቀዳ ጀመር። አይታ አታውቅም፣ እኔ ነኝ ከኋላዋ የምጠርገው።

ተቀምጬ እንደ አባታችን ላስብ አልኩ። እሱ መጀመሪያ መቼ ነው የምታፈሰው ብለሽ ጠይቂ፣ የት የሚለው ከዚያ በኋላ ነው ይል ነበር። ድንጋይ ጭኜባት ኦዳ ድረስ ነዳኋትና ተመለስኩ፤ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም፣ ቀዝቅዛ ክዳኑን ስከፍት ውሃው አፉ ድረስ ሞልቷል። በማግስቱ ከወረፋ ስመለስ ግማሽ ሆኗል። ስትሮጥ የማታፈስ፣ ስትቆም የምታፈስ መኪና አየህ? ይኖራል አለ ኤሌማ፤ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በማሰሪያው ሥር ያንጠባጥባል። እውነቱን ነው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ። ስለዚህ ካርቶን ፈታትቼ ሆዷ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አነጠፍኩ። ጠዋት ላይ ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ ውሃው ግን ጎድሏል። ኤሌማ በእንብርክኩ ገብቶ ካርቶኑን በመዳፉ ዳበሰ፣ አሸተተ፣ ቢሻን ኤሳ ዴሜ፣ ውሃው የት ሄደ እያለ ወጣና ይሄ የፉንዲ ሥራ አይደለም፣ ሼኽ ጥሪ አለኝ። ጂን ራዲያተር ምን ያደርግለታል ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ የምጮህበት ሰው ስላጣሁ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አንድ የሎሪ ሹፌር ለምኜ ከናይሮቢ አንድ ጋሎን ኩላንት አስመጣሁ፣ ያን አረንጓዴውን የራዲያተር ፈሳሽ። ውሃ ደርቆ ይጠፋል፣ አረንጓዴው ግን በነካው ሁሉ ምልክት ይተዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከውሃ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁት። ካርቶኑንም በአዲስ ቀየርኩ። ለእማ አልነገርኳትም፤ ምን ይነገራል፣ የመኪና ነገር ነው።

ዓርብ ጠዋት ከወረፋ ስመለስ እማ የፍየሎቹ በረት በር ላይ በርጩማዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ነጯ ፍየል አንገቷን ከገንዳው ቀና አድርጋ አየችኝ። ጢሟ አረንጓዴ ነው።

አህያዋን የት እንደለቀቅኳት አላውቅም። ሮጬ ገንዳውን በእግሬ ገለበጥኩት፣ ፍየሎቹን በዱላ በተንኳቸው። ማነው ውሃ የሚደፋው ብላ እማ ጮኸች። በጣም ነው የጮኸችው፣ ሰው የወደቀ ያህል። ነገሩ መርዝ መሆኑን፣ ጣፋጭ ስለሆነ እንስሳ እንደሚወደውና እንደሚገድለው፣ እንዴት ፍየሎቹ ጋ እንደደረሰ እንዳልገባኝ፣ አረንጓዴ ነገር መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። አረንጓዴ ነው እንዴ አለች በቀስታ። ከዚያ እኔ ምንም ሳልጠይቃት፣ እስከ ትናንትና ድረስ ንጹሕ ውሃ ነበረ እኮ አለች።

ነጯ ፍየል ሁለት ቀን ተንገዳግዳ ተርፋለች። ሌሎቹ አልቀመሱትም።

አንተ ነህ ያስተማርካት። ትዝ ያለኝ እዚያው ቆሜ ነው። በዚያኛው ድርቅ ነዳጅ አጥተን ዳለቻ ግቢ ውስጥ ስትቆም፣ የቆመ መኪና ውሃ ምን ያደርግለታል ብለህ ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ መክፈቻ እየፈታህ ውሃውን ለፍየሎች ታወርድ ነበር። ሳፋውን የምትይዝልህ እማ ነበረች። በኋላ እጇን ይዘህ መክፈቻዋን በጣቷ አስነካሃት፣ እኔ በሌለሁበት አንቺው ታወርጃለሽ አልካት። ጣቶቿ አልረሱትም፣ ዓይን አያስፈልገውም። እኔ ለዳለቻ የውሃ ወረፋ ልይዝ ስወጣ እማ ግድግዳውን እየተደገፈች መጥታ ሳፋዋን ትደቅናለች፣ ግማሹን ታወርድና መክፈቻውን መልሳ ትዘጋለች። ጠብታ አታባክንም። ካርቶኔ የደረቀው ለዚህ ነው። በዓለም ላይ ያለ ሌላ ሰው ቢሆን ውሃውን መሬት ላይ ለቆት ይሄድ ነበር፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን እደርስበት ነበር።

ተቆጣኋት። እናት ላይ መቆጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመኪና ሥር ተኝቼ ነበርና ተቆጣኋት። ዓይንሽን ለማዳን ነው የምለፋው፣ አንቺ ደግሞ በገዛ እጅሽ ታፈሻለሽ አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ካለች ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ ከተሸጠች ግን ምን ሊመልሰው ነው አለችኝ። ደግሞስ በደብዳቤው ዳለቻን ጠብቁልኝ፣ መጥቼ እኔው እነዳታለሁ ብሎ የለም ወይ፣ አንቺ አይደለሽ ያነበብሽልኝ አለችኝ።

እኔ ነኝ ያነበብኩላት። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ውሃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት።

አንተ የጻፍካቸው ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከናይሮቢ፣ አንዱ ከማላዊ። ከዚያ ጠፋህ። እማ ሎሪ በመጣ ቁጥር በር ላይ ትቆም ነበር። ከዚያ አብሮህ የሄደው ሀላቄ ብቻውን ተመለሰ። ሱቄ መጥቶ በሩን ዘግቶ የነገረኝን ነገረኝ፣ የሰጠኝንም ሰጠኝ። ለእማ እንዳይናገር አስማልኩት፣ እሷን ማላዊ ላይ ተለያየን ነው ያላት። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ካንተ የበለጠ የሚያውቀው የለም። እማ ያን ሰሞን እህል ትታ ነበር። ዓይኗም መደብዘዝ ጀምሮ ጽሑፍ አይለይላትም ነበር። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ባዶ ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ደብዳቤ መጣ አልኳት፣ ከሐሳቤ አነበብኩላት። በላች። ከዚያ ወዲያ ባዶ ወረቀት ማንበብ ስላስፈራኝ አስቀድሜ እየጻፍኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሰባት ደብዳቤ ጻፍክ፣ ወንድሜ። ሥራ አገኘህ፣ ወፈርክ፣ ጆሃንስበርግ ብርድ ነው አልክ። አራተኛው ላይ፣ ረመዳን ስለነበር ደስ ይበላት ብዬ፣ ዳለቻን ጠብቁልኝ አልክ። እማ ራዲያተሩን ያፈሰሰችው በእኔ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቱቦና ፓምፕ ስፈታ ቀዳዳው እኔ ጋ ነበር።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም፤ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። እሺ መኪናዋ ትቁም፣ ዓይንሽስ አልኳት። ዓይኔ ቢበራ እሱን ካላየሁበት ምን ያደርግልኛል አለችኝ። እኔስ አልኳት። የማይባል ነገር ነው፣ ግን አልኩት፤ እኔ ፊት የለኝም ወይ፣ እኔን ብታይ ምን አለበት አልኳት። እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች፣ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ እንባዬንም አገኘችው። አንቺንማ በእጄ አይሻለሁ አለችኝ። ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ነው። እኔን ግን ጨርሶ አላጽናናኝም፤ አጠገቧ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ለእኔ ዓይን አያስፈልግም ማለት ነው ብዬ ከግቢው ወጥቼ ድንበሩ በር ድረስ ሄድኩ። የሰው ሁሉ መተላለፊያ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም፣ እዚያ የሚያለቅስ ሰው ብርቅ አይደለም።

ተመልሼ ስምንተኛውን ደብዳቤህን ጻፍኩ። አጭር ነው። እማዬ፣ ዳለቻን ሽጪያት፣ እኔ ስመጣ ሌላ እገዛለሁ፣ አንቺ ግን ዓይንሽን ታከሚ፣ እምቢ ካልሽ አኮርፍሻለሁ ብለሃል። ከአሱር ሶላት በኋላ አነበብኩላት። ሌላ ጊዜ ደግሜ ካላነበብኩ አትለቀኝም ነበር፤ ያን ቀን ድገሚው አላለችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችና እሺ ካለ እሺ አለች። ከዚያ ተነስታ በግድግዳው እየተመራች ዳለቻ ጋ ሄደች፣ ተንበርክካ መክፈቻውን በጣቷ ፈልጋ አጠበቀችው። አረንጓዴው ውሃ ዳግመኛ ፍየል እንዳይደርስበት ያለውን በሙሉ አውጥቼ ርቄ ቀብሬው ስለነበር ንጹሕ ውሃ ሞላሁ። እሷ ክዳኑ አጠገብ ጆሮዋን አዘንብላ ቆመች። በቃ፣ ሞልቷል አለችኝ በድምፁ ብቻ። ስመለከት በእርግጥም አፉ ድረስ ደርሷል።

ቅዳሜ ጠዋት ባሺር ራሱ እየነዳ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ፣ ጎልቦ ሄድን። አሥራ አራት ፍየል ጭነን በቀትር ፀሐይ ተመለስን። ቀስቱን እያየሁ አንገቴ ደረቀ፤ ከግማሽ በላይ አልወጣም። ግቢ ገብተን ስትቀዘቅዝ ክዳኑን ከፈተ፣ ጣቱን ነከረ፣ ሳቀ። ኤሌማ ወሬውን ሰምቶ መጣና እንቁላሉ ዘግይቶ ነው የሚሠራው፣ ነግሬሽ አልነበር አለኝ። ተውኩት። ክብሩን ለእሱ ሰጠሁት።

ባሺር ዋናውን ቁልፍ ከተቀበለኝ በኋላ ሁለተኛው ቁልፍ የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው መሰለኝ ሳላስብ የሻሼን ጫፍ ፈታሁ። ሀላቄ የሰጠኝን ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ነው የማስረው። ቁልፉን ባሺር እጅ ላይ ካለው ጋር ሳስቀምጠው ሁለቱ ተጋጭተው ጮሁ። እማ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዚህ ቤት ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ መሆኑን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ወደዚህ አምጡት፣ ልየው አለች።

ባሺር ምንም ስለማያውቅ ወስዶ ሰጣት። መጀመሪያ ለስላሳውን ዳበሰች፣ የቤቱን። ከዚያ ሌላውን። ክሩ እንዳለ ነበር፣ ራሷ የገመደችው፣ መጨረሻው ላይ ያለው ቋጠሮም የራሷ ነው። ረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው፣ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ሁለቱን ቁልፎች ለባሺር ሰጠችውና በሰላም ንዳት፣ ውሃ አይጉደልብህ ብላ መረቀችው። ዳለቻ ወጥታ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ አልተነሳችም።

ማታ እራት ስንበላ ብቻ አንድ ነገር አለችኝ። ከእንግዲህ የወንድምሽ ደብዳቤ ቢመጣም እንዳታነቢልኝ፣ ዓይኔ ሲበራ ሁሉንም ራሴ አነባቸዋለሁ አለች። አባታችን እማን ጨምሮ ሦስታችንን በአንድ ጠመኔ ፊደል ያስቆጠረን መሆኑን ረስቼው ነበር። ያንተን እጅ ጽሑፍና የእኔን እጅ ጽሑፍ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሰኞ በናይሮቢው ሎሪ እንሄዳለን፤ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞልናል። ሻንጣዋን ሳዘጋጅ ክሩን አየሁት፣ ከዱአ መቁጠሪያዋ ጋር ጠቅልላዋለች። እኔም ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ። የምልክበት አድራሻ የለኝም። ሰባቱን ደብዳቤዎች፣ ስምንተኛውንም ጨምሬ፣ ከዚህኛው ጋር በአንድ ፖስታ አድርጌ ልብሴ መካከል አስቀምጫለሁ። ፋሻው ተፈትቶ ዓይኗ ሲበራ የልጄን ደብዳቤ አምጪ ማለቷ አይቀርም። ያኔ መጀመሪያ ይህንን ነው የምሰጣት። ሰላምታው ግማሽ ገጽ አለመሙላቱን፣ ጤናህንም አለመጠየቄን ታስተውላለች፤ ቀሪውን የምታነበው ከፈለገች ነው። እኔ አጠገቧ እሆናለሁ፣ በዓይኗም ልታየኝ ትችላለች።

በዳለቻ ተናድጄ ነበር፣ በኤሌማም፣ በእማም። ባንተ ላይ ያለኝ ንዴት ግን አልወጣልኝም፣ መውጫ ስላጣሁለት ነው፤ ይቅር በለኝ። እኔም የደበቅከውን ሲጋራ ይቅር ብዬሃለሁ። አላህ ያለህበትን ስፍራ ያስፋልህ፣ ብርሃንም ያድርግልህ፣ የእማንም ዱአ ያድርስህ።

እጇን ሁለቴ ታጥባ የጻፈችልህ፣
ታናሽ እህትህ